ምንጬ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል!

ዛሬ የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከመስማታችሁ በፊት ራሴው ልንገራችሁ። ነገ ጠዋት ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ ባጃጅ ነጂ አይኖርም።

ቻርጄ ሊያልቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው የምነግራችሁ።

ለማታውቁኝ፦ ስንዱ እባላለሁ። አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ነኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዛ ዜና የምታነበው ልጅ የለችም? ያቺ ድምፀ መረዋዋ? እሷ ነኝ!

(መረዋ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰው ነው የሚለው።)

ዛሬ የድንገቴ ንግግር ውድድር ነበረን። ከእኛው ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተወዳዳሪዎች መጥተው እኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተገናኘን። ከሁሉም መሃል አንደኛ የወጣው ብቻ ደብረ ታቦር ሄዶ ይወዳደራል።

አንድ ሰው ብቻ!

ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ የምለብሰውን ቀሚስ ሁሉ አጥቤ ተኩሼ ጨርሻለሁ እኮ።

ውድድሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ከሳጥን ውስጥ ሦስት ወረቀት ታወጣላችሁ፣ አንዱን ትመርጣላችሁ። ርዕሱ ሁሌም ወቅታዊ ጉዳይ ነው፤ ከባህር ማዶ ይምጣ ከቀበሌያችሁ አታውቁም። ግማሽ ሰዓት ይሰጣችኋል። ስልክ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በእጃችሁ ያዘጋጃችሁት ክላሰር ብቻ ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ሰባት ደቂቃ ትናገራላችሁ፣ ዳኞች ደግሞ ይጠይቋችኋል።

ስለዚህ ጨዋታው ያለው ክላሰሩ ላይ ነው።

የእኔ ክላሰር ቀይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ለፍቼበታለሁ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ዜናውን ስክሪንሾት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ በእጄ እገለብጣለሁ። ፕሪንት አላስደርግም፤ ኮፒ ቤት በሄድኩ ቁጥር ቀለም አልቋል ነው የሚሉኝ።

አራት ክፍል አለው፦ የዓለም፣ የአፍሪካ፣ የሀገር ውስጥ፣ የአካባቢ። የዓለሙ ሊፈነዳ ደርሷል። የመርከብ መስመር በሉኝ፣ የነዳጅ ዋጋ በሉኝ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሉኝ፣ ገጹን ሳልገልጥ ነው የምዘረግፍላችሁ።

የአካባቢው ግን ባዶ ነበር።

ባዶ ስላችሁ ባዶ! ስለ ጋይንት ማን ፖስት ያደርጋል? ስሙን ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የሰርግ ቪዲዮ ነው። ዳኞች ደግሞ የአካባቢ መረጃ ይዞ የመጣ ተወዳዳሪ እንደሚወዱ ስለማውቅ ያ ባዶ ክፍል ያንገበግበኝ ነበር።

የክበባችን ኃላፊ ቲቸር ምናለ ይባላል። ገና ወጣት ስለሆነ አንተ ነው የምንለው። ሁለት ሕግ አለው።

አንደኛው፦ "ምንጩን የማታውቂው ወሬ ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

ሁለተኛው፦ "ትንበያ ሳትሰጪ እንዳትቀመጪ።" ንግግራችሁን ስትጨርሱ ነገሩ ወደፊት ምን እንደሚሆን በልበ ሙሉነት ተናገሩ ማለቱ ነው። የሚያመነታ ሰው ነጥብ አያገኝም ይላል።

እኔ ሁለተኛውን ሕግ ከልቤ ወደድኩት። አንደኛውን... እሺ፣ አንደኛውንም አውቀዋለሁ።

አሁን የት እንደምለማመድ ልንገራችሁና እባካችሁ አትሳቁ።

ወፍጮ ቤት ነው!

ቆይ፣ ላስረዳችሁ። እናቴ እህል አስፈጭተሽ ነይ ብላ ትልከኛለች። ስደርስ ወረፋው ግቢውን ሞልቶ አህዮቹ መንገድ ላይ ቆመዋል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። ወፍጮው ጸጥ ይላል። ከየገጠሩ የመጣው ሰው ሁሉ ጆንያው ላይ ተቀምጦ መብራቱን ይጠብቃል። ጥሎ አይሄድ፣ ተራው ያልፍበታል።

ከዚህ የተሻለ ታዳሚ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መጀመሪያ ለብቻዬ ጥግ ይዤ ነበር የማጉተመትመው። እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴትዮ አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ለግድግዳው ከምታወሪ ለእኛ አታሰሚንም?" አሉ። በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ርዕሶቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰፌድ ውስጥ እበትናለሁ፣ አንድ ሰው ያነሳልኛል፣ እኔ አነበዋለሁ፣ ሰባት ደቂቃ እናገራለሁ።

ይወዱኝ ነበር እኮ! "ይበል!" ይሉኛል። "የማን ልጅ ናት?" ይባባላሉ። አንዳንዱማ መብራቱ ሲመጣ "ምነው ትንሽ ቢቆይ" ሲል ሰምቻለሁ።

እና አንድ ቀን እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ሰፌዱ ውስጥ ከተቱና አንድ ወረቀት አወጡ። "የገብስ ገበያ" ይላል።

ወይ ርዕስ! ያ ሁሉ ሰው ገብስ ገበሬ ነው። "ገብሳችን በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል፣ በጠርሙስ ሆኖ ይመለሳል!" ብዬ ጀመርኩ። ግቢው በሳቅ ደመቀ። ምክንያቱን ተነተንኩ፣ መፍትሔውን አስቀመጥኩ። ከዚያ የቲቸር ሁለተኛ ሕግ ትዝ አለኝና ክላሰሬን ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ ደመደምኩ።

"በቅርቡ እዚሁ ጋይንት የብቅል ፋብሪካ ይከፈታል! አትጠራጠሩ!"

እልልታው ቀለጠ።

ማን ነገረሽ ትሉኝ ይሆናል። ማንም አልነገረኝም፤ ትንበያ ነው! ኮንፊደንሴን ብታዩት እናንተም እልል ትሉ ነበር። ወዲያው መብራት መጣ፣ ወፍጮው ተነሳ፣ ሁሉም ወደ ጆንያው ሮጠ። እኔም እህሌን አስፈጭቼ ወደ ቤቴ ሄድኩና ነገሩን ረሳሁት።

ሳምንታት አለፉ። አክስቴ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ነው የምትኖረው። እሷን ልጠይቅ ሄድኩና በዚያው ዓርብ ለት ገበያ ወጣሁ። ባዶው የክላሰሬ ክፍል እንቅልፍ አልሰጥ ብሎኛል፤ መረጃ ከመስክ እሰበስባለሁ ብዬ እስክሪብቶዬን ይዤ እህል ተራ ገባሁ። ራሴን ያየሁት እንደ ጋዜጠኛ ነው።

እዚያ ነው ከአያ አያሌው ጋር የተገናኘነው። ጎልማሳ ገበሬ ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የገዙትን ጨው በፌስታል አንጠልጥለዋል። ዋጋ ያዳምጣሉ እንጂ የሚሸጡት ነገር አልያዙም።

"ዘንድሮ ገብስ አልሆነልዎትም እንዴ አያ?" አልኳቸው።

"ሆኗል እንጂ! ጎተራው ሙሉ ነው። ግን ምን አስቸኮለኝ? ፋብሪካው ሊከፈት አይደል!"

"የምን ፋብሪካ?"

"የብቅል ነዋ! ላይ ጋይንት። መሬቱ ተለክቶ አልቋል። ማሽኑ መንገድ ላይ ነው አሉ።"

ደነገጥኩ። ከዚያ ዕንባዬ መጣ። የደስታ ዕንባ!

ተንብዬ ነበራ! ማንም ሳይነግረኝ ወፍጮ ቤት ቆሜ በአፌ ያልኩት ነገር መሬት ተለክቶለት፣ ማሽን ተጭኖለት እየመጣ ነው። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ መሬት ተለካ ብያለሁ? ማሽን ተጫነ ብያለሁ? አላልኩም! እናንተስ ብትሆኑ ይህ የራሴ ወሬ ነው፣ መንገድ ላይ ወፍሮ ተመለሰ ብላችሁ ትጠረጥሩ ነበር?

ደግሞ ሰነፍ እንዳትሉኝ፣ አጣርቻለሁ። ባቄላ የሚሸጡ ሴትዮ ጠየቅኩ፣ "አዎ፣ ይከፈታል" አሉ። አህያ የሚጠብቅ ሰውዬ ጠየቅኩ፣ እሱማ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚቀጠርበት ጭምር ነገረኝ። ከማን ሰማችሁ ስላቸው "ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው" አሉኝ። እኔም "በርካታ ምንጮች" ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ሶርስ በአካል! "የአካባቢ" በሚለው ክፍል የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለቲቸር እንኳን አላሳየሁትም፤ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነበር።

አሁን ዛሬ ላይ ደረስን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወላጅ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ለገበያ መጥቶ ጎራ ያለም አለ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አያ አያሌው! ለካ ልጃቸው ለታች ጋይንት ተወዳዳሪ ናት። ሄጄ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። የአርብ ገበያዋ ጠያቂ መሆኔን አውቀው "በርቺ የኔ ልጅ" አሉኝ።

ከእኔ በፊት ሀብታሙ የሚባል ልጅ ነበር የተናገረው፣ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ። ቀጭን ነው፣ ድምፁም ቀጭን ነው። ወረቀቱን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ። ዳኞች አንድ ነገር ሲጠይቁት ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ይህን አላውቅም። ሳላጣራ ብናገር ልሳሳት እችላለሁ።"

አለቀለት አልኩ በልቤ። አላውቅም ይባላል እንዴ? አዘንኩለት ሁሉ።

ተራዬ ደረሰ። ሦስት ወረቀት አወጣሁ። አንዱ ስለ መርከብ መስመር ነው። አንዱ ስለ ወጣቶችና ሶሻል ሚዲያ ነው። ሦስተኛው "የአካባቢያችን ምርት ሳይቀነባበር መውጣቱና መፍትሔው" ይላል።

የመርከቡን ብመርጥ ኖሮ ዛሬ ይህን ፖስት አታነቡም ነበር። ቀሚሴን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ላይክ ታደርጉ ነበር።

ሦስተኛውን መረጥኩ።

እንዴት እንደተናገርኩ ልንገራችሁ? እውነቱን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። በአይሱዙና በጠርሙሱ ጀመርኩ፣ አዳራሹ ተነቃነቀ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ግን አንድ የምሥራች አለኝ" አልኩ። የፋብሪካውን ዜና ለቀቅኩት። ስለ መሬቱ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቅጥሩ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ታይመሩ ሰባት ደቂቃ ሲል እኔ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ጭብጨባው! ቲቸር ምናለ ቆሞ ነበር የሚያጨበጭበው።

ከዳኞቹ አንዷ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ሳያጨበጭቡ ወረቀታቸውን እያዩ ቆዩና ቀና አሉ።

"ስለዚህ ፋብሪካ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ምንጭሽ ማን ነው?"

ይህን ጥያቄ ክረምቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር! ፈገግ አልኩ። እጄን ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ዘረጋሁ።

"ምንጬ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል! አያ አያሌው፣ እባክዎ ይነሱልኝ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። አያ አያሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፣ እጅ ነሱ። "እውነቷን ነው። ፋብሪካው ይከፈታል" አሉ። ደግሞ ተጨበጨበልኝ።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ሴትዮዋ ግን አልለቀቁም። "እርስዎስ አባቴ፣ ከማን ሰሙ?"

"ከእህቴ ባል።"

"እሳቸውስ?"

"እሱማ እዚሁ ንፋስ መውጫ ወፍጮ ቤት እህል ሊያስፈጭ መጥቶ ነው። አንዲት የተማረች ልጅ መብራት በጠፋበት ቆማ ነገረችን ነው ያለው። አነጋገሯ ግሩም ነበር ይላል። ቀይ መዝገብ ይዛ፣ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ..."

ቀይ መዝገብ!

እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ።

ክላሰሬ ደረቴ ላይ ነበር፣ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። መጀመሪያ የዞሩት ሴትዮዋ ናቸው። ከዚያ ሌሎቹ ሁለት ዳኞች። ከዚያ የፊት አግዳሚው፣ ከዚያ መላው አዳራሽ። ክላሰሩን ወደ ኋላዬ ልደብቀው ሞከርኩ። ይህን ባላደርግ ምናልባት ጥቂት ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችል ነበር።

ሳቁ ከኋላ በኩል ነው የጀመረው። ከራሳችን ክበብ ልጆች! ስማችሁን ሁሉ ይዣለሁ።

"ስለዚህ የኔ ልጅ፣" አሉ ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ "ምንጭሽ አንቺው ነሽ ማለት ነው?"

ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ስንዱ ምን ብትመልስ ጥሩ ነው?

"በልበ ሙሉነት ነው የተናገርኩት" አልኩ።

አዳራሹ ከዚያ በኋላ ለመረጋጋት ሰባት ደቂቃ ሳይወስድበት አልቀረም።

አንደኛ የወጣው ሀብታሙ ነው። አዎ፣ አላውቅም ያለው ልጅ። ዳኞቹ ያንን መልሱን ለይተው ጠቅሰው አመሰገኑለት። ደብረ ታቦር የሚሄደው እሱ ነው። እኔ ስንተኛ እንደወጣሁ የሚጠይቀኝን ብሎክ አደርገዋለሁ።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ይህን አልደብቃችሁም። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት፣ ጣቴ እስኪያብጥ የጻፍኩት ያ ሁሉ ገጽ በአንዲት ገጽ ተበላ። ሁለተኛ ዕድል ቢኖር እንኳን አንድ ነገር ነበር፤ የሚመጣው ዓመት ማትሪክ አለብኝ፣ ክበብ የለም። ቲቸር ምናለ ፈልጎ አገኘኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ንግግርሽ ከሁሉም የተሻለ ነበር" አለኝ። ቀጠለና "እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የደብረ ታቦሩን ዕድል ነው ያጣሁት፤ አያ አያሌው ግን ጎተራ ሙሉ ገብስ ይዘው የሌለ ፋብሪካ እየጠበቁ ነው! በእኔ ምክንያት!

ተነስቼ ሮጥኩ። ወደ አርብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሳ ሲል መናኸሪያ ደረስኩ። አያ አያሌው ከልጃቸው ጋር መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። በመስኮቱ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

"አያ! ፋብሪካ የለም! ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ! ገብስዎን ይሽጡ!"

ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሐዘኔታ ነው ያዩኝ።

"የኔ ልጅ፣ ሦስት ሰው ነው የነገረኝ።"

"ሦስቱም የሰሙት ከእኔ ነው!"

"አንደኛው መሬቱ ሲለካ በዓይኑ አይቷል።"

"አላየም! ማንም አልለካም! አያ፣ በእናትዎ ይሽጡት!"

እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

"ስለተሸነፍሽ ነው እንዲህ የምትይው። ልብሽ ተሰብሯል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እስከ ዛሬ ትንሽ ትንሽ እጠራጠር ነበር። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አንቺን ስሰማ ነው ደህና አድርጌ ያመንኩት።"

ሚኒባሱ ተነሳ። አያ አያሌው ጭንቅላታቸውን አውጥተው ጮኹልኝ።

"አይዞሽ! ፋብሪካው ሲከፈት መጀመሪያ የምትቀጠሪው አንቺ ነሽ!"

ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየኝ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

እና እስቲ ንገሩኝ፦ እኚህን ሰውዬ ሄዶ ገብስዎን ይሽጡ ብሎ የሚያሳምንልኝ፣ ከእኔ ያነሰ ንግግር የሚችል ሰው ታውቃላችሁ?